ከአሲሞን እስከ ሲም ካርድ፦ ስልክ ይዞ ባሕር ማዶ የመሻገር ታሪክ

ከበዓላት ማግስት አንድ አዛውንት አባት የስልክ ሂሳብ ወረቀት ከነፖስታው ይዘው ወደ ማኅበራችን ጽሕፈት ቤት መጡ። ወደዚህ አገር ከገቡ ገና ሦስተኛ ዓመታቸው ነው። ወንድማቸው ጎንደር ላይ ስላረፉ ለለቅሶ ሄደው፣ ሁለት ሳምንት ቆይተው መመለሳቸው ነበር። «እኔ ለማንም አልደወልኩም። ልጆቼ ናቸው ከዚህ እየደወሉ ‹እንዴት ሰነበቱ አባባ› ያሉኝ። ታዲያ ተደውሎለት ‹አለሁ› ያለ ሰው ስለ ምን ይከፍላል?» አሉን። በወረቀቱ ላይ የሰፈረው ሂሳብ ከአንድ ወር የቢቱዋሕ ልኡሚ አበላቸው ይበልጥ ነበር።

ጥያቄያቸው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን ከሂሳቡ ወረቀት ላይ አይገኝም፤ ያለው ከስልኩ ታሪክ ውስጥ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ስልክ ከግድግዳ ወርዶ ወደ ኪስ እንዴት እንደገባ፣ ኪስ ውስጥ ሆኖም ድንበር እንዴት እንደተሻገረ፣ ለምንስ እንዲህ እንደሚያስከፍል ያወቅነውን ያህል እንተርካለን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናሳውቃለን።

ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። የአገሪቱ የቴሌ መሥሪያ ቤት የልደቱን ዘመን የሚቆጥረው ከ1894 ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር 477 ኪሎ ሜትር የሚሆን የስልክ መስመር መዘርጋት ተጀመረ። ሰው ሳይታይ ድምፁ ብቻ ሲሰማ ያዩ አንዳንድ ሰዎች «ይህ የሰይጣን ሥራ ነው» ብለው እንደ ነበር ይተረካል። ይህ ከሆነ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። ነገር ግን ለእኛ ለወገራ፣ ለሰሜን፣ ለቋራ፣ ለአምቦበርና ለወለቃ ሰዎች ስልክ የከተማ ዕቃ ሆኖ ኖረ። ስልክ መነጋገር የፈለገ ሰው ከመንደሩ ተነሥቶ፣ በእግሩ ወይም በጭነት መኪና ጎንደር ገብቶ፣ ቴሌ መሥሪያ ቤት ወረፋ ይዞ፣ ስሙ እስኪጠራ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጥ ነበር። ስሙ ሲጠራ ወደ ጠባቧ የእንጨት ክፍል ይገባል፤ ደቂቃው ሲያልቅ መስመሩ ይቋረጣል። ብዙ ሰው ከተናገረው ይልቅ ሳይናገር የቀረው ይበዛ ነበር።

ዘመቻ ሙሴ ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 ሲካሄድ በአንድ ቤት ያደጉ ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ። በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያና እስራኤል የዲፕሎማሲ ግንኙነት አልነበራቸውም፤ በ1973 የተቋረጠው ግንኙነት የተመለሰው በ1989 ኅዳር ወር ነው። እናት እዚያ፣ ልጅ እዚህ ሆኖ ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ፣ መገናኛው ደብዳቤ ወይም ድምፅ የተቀዳበት ካሴት ነበር። ካሴቱ በሚታመን መንገደኛ እጅ ይላካል፤ የደረሰው ቤተሰብ ተሰብስቦ ያዳምጣል፤ ለቅሶውም ሳቁም አብሮ ነው። ዛሬ ሞባይሉን አንሥቶ የእናቱን ፊት የሚያይ ወጣት የዚያን ካሴት ዋጋ ለመገመት ይቸግረዋል።

ዘመቻ ሰሎሞን በግንቦት 24 እና 25 ቀን 1991 ከ14,000 በላይ ሰዎችን በ36 ሰዓት ውስጥ ካመጣ በኋላ፣ አዲስ ገቢዎች ያረፉት በሆቴሎችና በመርካዝ ቅሊጣ፣ ቀጥሎም እንደ ናሐል ቤቃና እንደ ሐጽሮት ያሳፍ ባሉ የቃራቫን ሠፈሮች ነበር። በየሠፈሩ ያለው የሕዝብ ስልክ ፊት ለፊት የሚታየው ሰልፍ የዚያን ዘመን ሰው የሚረሳው አይደለም። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ይህ የሕዝብ ስልክ የሚሠራው በአሲሞን ነበር። አሲሞን መሐሉ የተበሳ፣ ሳንቲም የመሰለ ብረት ነው፤ ወታደሮች በክር ሰክተው ይይዙት እንደ ነበር ይነገራል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቦታውን ቴሌካርት ለሚባለው ካርድ ለቀቀ። እዚህ ላይ ጥቂት ከርዕሳችን ወጣ እንበልና፣ አዲስ ገቢዎች በኡልፓን «ናፋል ሊ ሃአሲሞን» የሚል አነጋገር ሲሰሙ ግራ ይገባቸዋል። ቃሉ በቃሉ «አሲሞኑ ወደቀልኝ» ማለት ነው፤ ትርጉሙ ግን «አሁን ገባኝ» ነው። ብረቱ ከስልኩ ሆድ ውስጥ ሲወድቅ ነበርና መስመሩ የሚከፈተው። ብረቱ ከጠፋ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፣ አነጋገሩ ግን ከዕብራይስጡ አልወጣም።

የአገር ውስጡን ስልክ ከ1984 ጀምሮ ያስተዳድር የነበረው ቤዜቅ የሚባለው ኩባንያ ነው። ከዚያ በፊት ስልክ በመንግሥት ሚኒስቴር ሥር ነበር፤ ለቤቱ መስመር የጠየቀ ሰውም ዓመታት ይጠብቅ ነበር። ወደ ውጭ አገር የሚደረገው ጥሪም እስከ 1997 በአንድ ኩባንያ እጅ ብቻ ስለነበረ ዋጋው የሚቀመስ አልነበረም። በ1997 ሐምሌ ወር ውድድር ተፈቀደ፤ በ014 ላይ ሁለት አዲስ ኩባንያዎች በ012 እና በ013 ቁጥር ተጨመሩ። ዋጋው በአንድ ጊዜ ወረደ። ወላጆቻችን ዛሬም ወደ አዲስ አበባ ሲደውሉ «በዐሥራ ሦስት ነው ወይስ በዐሥራ አራት?» የሚሉት ከዚያ የተረፈ ልማድ ነው።

እስካሁን የተናገርነው በሽቦ ስለሚሠራው ስልክ ነው። አሁን በኪስ ወደሚያዘው እንሂድ።

ሚያዝያ 3 ቀን 1973 ማርቲን ኩፐር የሚባል የሞቶሮላ ኩባንያ መሐንዲስ ኒው ዮርክ ከተማ መንገድ ላይ ቆሞ፣ ከአንድ ኪሎ በላይ በሚመዝን መሣሪያ ደወለ። የደወለው ለሌላ ለማንም ሳይሆን ተፎካካሪው በሆነው በቤል ላቦራቶሪ ለሚሠራው መሐንዲስ ነበር፤ «ቀደምኩህ» ለማለት መሆኑ ግልጽ ነው። ይህ መሣሪያ ለገበያ የቀረበው ከዐሥር ዓመት በኋላ በ1983 ሲሆን ዋጋው 3,995 ዶላር ነበር። ይሁን እንጂ የዚያን ዘመን ስልክ ትልቁ ጉድለት ክብደቱም ዋጋውም አልነበረም። እያንዳንዱ አገር የራሱን ዓይነት አሠራር ስለዘረጋ፣ የአንዱ አገር ስልክ ድንበር ሲሻገር የሞተ ብረት ይሆን ነበር። ከዚህ ልማድ ቀድመው የወጡት የሰሜን አውሮፓ አገሮች ናቸው። ስዊድን፣ ኖርዌይ፣ ዴንማርክና ፊንላንድ በ1981 እና በ1982 አንድ የጋራ አሠራር ስለከፈቱ፣ የስዊድን ሰው በመኪናው ስልኩን ይዞ ኖርዌይ ገብቶ ይነጋገር ጀመር።

የቀረው አውሮፓ ይህን አይቶ በ1982 አንድ የባለሙያዎች ቡድን አቋቋመ። ጂ.ኤስ.ኤም. የሚባለው አሠራር ስም መነሻው የዚህ ቡድን የፈረንሳይኛ ስም ነው። መስከረም 7 ቀን 1987 የ13 አገሮች የስልክ ድርጅቶች ኮፐንሃገን ላይ ተሰብስበው ይህንኑ አንድ አሠራር ለመጠቀም ፈረሙ። ሐምሌ 1 ቀን 1991 የቀድሞው የፊንላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሪ ሆልኬሪ ከሄልሲንኪ ወደ ታምፔሬ ከተማ የመጀመሪያውን ጥሪ አደረጉ። እኛ ከቦሌ ተነሥተን ሎድ ካረፍን ገና ሁለት ወር አልሞላንም ነበር። በዚያው ዓመት ሙኒክ ያለው ጊሴኬ ኡንድ ዴቭሪየንት ኩባንያ የመጀመሪያዎቹን ሲም ካርዶች ሠርቶ ለፊንላንዱ ራዲዮሊንያ 300 ያህል ሸጠ። የዚያን ጊዜው ሲም የባንክ ካርድ ያህል ስፋት ነበረው።

ሲም ካርድ ያመጣው ለውጥ ሳይገባን የሂሳቡ ነገር ሊገባን አይችልም። ከዚያ በፊት ቁጥሩና ስልኩ አንድ አካል ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ግን የደንበኛው ማንነት በትንሿ ካርድ ላይ ሆነ፤ ስልኩ ቤት ነው፣ ሲሙ ነዋሪው ነው። በሲሙ ውስጥ ብዙ ጊዜ 15 አኃዝ ያለው ቁጥር ተጽፏል። ይህ እኛ የምንደውልበት ቁጥር አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አኃዞች አገሩን ይናገራሉ፤ የእስራኤል 425፣ የኢትዮጵያ 636 ነው። እንግዲህ አዛውንቱ አባታችን ቦሌ ወርደው ስልካቸውን ሲከፍቱ፣ ስልኩ በአቅራቢያው ያገኘውን የኢትዮጵያ አንቴና «ጤና ይስጥልኝ» ይላል፤ ካርዱንም ያሳያል። አንቴናው 425 የሚለውን ሲያይ «ይህ የእኛ ሰው አይደለም» ብሎ እስራኤል ያለውን ኩባንያ ይጠይቃል። እስራኤል ያለው ኩባንያም «አዎ፣ የእኔ ሰው ነው፤ አስተናግደው፤ ሂሳቡን እኔ እከፍልሃለሁ» ሲል ይመልሳል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው በጥቂት ሰከንድ ነው። በሁለት ኩባንያዎች መካከል የተደረገ የዚህ ዓይነት የመጀመሪያው ስምምነት በ1992 በፊንላንድ ቴሌኮምና በእንግሊዙ ቮዳፎን መካከል የተፈረመው ነው። ነገሩ ሮሚንግ ተብሎ ይጠራል፤ ቃሉ የእንግሊዝኛ ሲሆን መዞር፣ ከቦታ ቦታ መንቀሳቀስ ማለት ነው።

እንግድነቱ የደግ ሰው እንግድነት አይደለም፤ ሁሉም ተቆጥሮ ይጻፋል። አባታችን የጠየቁት ጥያቄ መልስም እዚህ ላይ ነው። ልጃቸው ሐይፋ ሆኖ ወደ አባቱ የእስራኤል ቁጥር ሲደውል፣ አባቱ ራምላ ይሁኑ ጎንደር የስልኩ ቁጥር አይነግረውም። የሚከፍለውም የአገር ውስጥ ዋጋ ብቻ ነው። ጥሪው መጀመሪያ የሚሄደው እስራኤል ወዳለው ኩባንያ ነው፤ ኩባንያው «ሰውዬው ኢትዮጵያ ናቸው» ብሎ ጥሪውን ባሕር አሻግሮ ይልከዋል። ከቴል አቪቭ እስከ ጎንደር ያለውን መንገድ ማን ይክፈል? ልጁ አላወቀም፣ አልተስማማምም። ስለዚህ የሚከፍለው ስልኩን ይዞ የተጓዘው ሰው ሆነ። ከመጀመሪያው ጀምሮ የተተከለ ሕግ ነው፤ ብዙ ሰው ግን የሚያውቀው ሂሳቡ ሲመጣ ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። ስልኩ ሳይነሣ ሲቀር ጥሪው ወደ ድምፅ ማስቀመጫው ይዞራል። ማስቀመጫው ያለው እስራኤል ነው። ጥሪው ወደ ኢትዮጵያ ሄዶ፣ ጠርቶ፣ እንደገና ወደ እስራኤል ሲመለስ መሄጃውም መመለሻውም ሊታሰብ ይችላል። ሰውዬው ስልኩን ሳይነካ፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ሳለ ሒሳብ ይቆጠርበታል ማለት ነው። ስለዚህ ከመሄድ በፊት የድምፅ ማስቀመጫውን ማዘጋት ብልህነት ነው።

ወደ እስራኤል ታሪክ እንመለስ። የመጀመሪያው የተንቀሳቃሽ ስልክ ኩባንያ ፔሌፎን በ1986 ሥራ ጀመረ። ፔሌ በዕብራይስጥ ተአምር ነው። ስሙ የአንድ ኩባንያ ስም ቢሆንም ሕዝቡ ማንኛውንም የኪስ ስልክ ፔሌፎን ብሎ ስለለመደ፣ አዲስ ገቢ ሰው «ፔሌፎን አለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ ስለ ኩባንያው የተጠየቀ እንዳይመስለው። በ1994 መጨረሻ ሴልኮም በዝቅተኛ ዋጋ ገበያ ገባና ስልክ የሀብታም ዕቃ መሆኑ ቀረ። ነገር ግን ሁለቱም ኩባንያዎች የመረጡት አሠራር የአሜሪካኖቹን ዓይነት ነበር። የአውሮፓውም ሆነ የአፍሪካው አብዛኛው አገር ደግሞ ጂ.ኤስ.ኤም. ይጠቀም ነበር። በዚህም ምክንያት በ1990ዎቹ ወደ አውሮፓ የሚጓዝ እስራኤላዊ የራሱን ስልክ ቤቱ ትቶ፣ አየር ማረፊያ ላይ ሌላ ስልክ ይከራይ ነበር። የኪራዩ ውል፣ የመያዣው ገንዘብ፣ ሲመለስ ስልኩ ተጭሯል እየተባለ የሚነሣው ክርክር ሌላ ጣጣ ነበር።

ጂ.ኤስ.ኤም. ወደ እስራኤል የመጣው ፓርትነር የተባለው ኩባንያ ኦሬንጅ በሚል ስም በጥር 1999 ሥራ ሲጀምር ነው። የሚገርመው ኢትዮጵያም የመጀመሪያውን የተንቀሳቃሽ ስልክ አገልግሎት አዲስ አበባ ላይ የከፈተችው በዚያው በ1999 ሲሆን የመረጠችውም ያንኑ አሠራር ነው። በዚያው ዓመት ነበር የቋራ ወገኖቻችን ወደዚህ የገቡት። በመሣሪያው በኩል ከሆነ እነዚህ ሁለት አገሮች በአንድ ዓመት ውስጥ መነጋገር የሚችሉ ሆኑ ማለት ይቻላል። ሴልኮም ወደ ጂ.ኤስ.ኤም. የተሻገረው በ2002 ሲሆን ፔሌፎን በ2009 የዚያው ቤተሰብ የሆነውን አዲስ መረብ ከፈተ። ከዚያ ወዲህ ከማንኛውም ኩባንያ የተገዛ ስልክ ወደ ኢትዮጵያ ቢሄድ ይሠራል፤ ጥያቄው ይሠራል ወይ ሳይሆን በስንት ይሠራል ሆነ።

የኢትዮጵያ በኩል ያለው ታሪክ ቀስ ያለ ነው። ሲም ካርድ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወረፋ ተይዞ የሚገኝ ነገር ነበር። በ2005 የስልክ ቁጥሮች ሁሉ ተለውጠው ዛሬ የምናውቀውን ርዝመት ያዙ፤ የድሮ ቁጥር በደብተራቸው የያዙ ሰዎች ዘመድ ፈልገው ያጡት ያን ጊዜ ነው። በዚያው ዓመት ከምርጫው ውዝግብ በኋላ የጽሑፍ መልእክት አገልግሎት ተዘግቶ እስከ 2007 ቆየ። በ2010 የቀድሞው መሥሪያ ቤት ኢትዮ ቴሌኮም በሚል ስም ተደራጀ። እስከ 2022 ድረስ በአገሪቱ ሌላ የስልክ ኩባንያ አልነበረም፤ በዚያ ዓመት ሳፋሪኮም በ07 የሚጀምሩ ቁጥሮች ይዞ ገባ። ከውጭ ወደ ኢትዮጵያ የሚደወል ጥሪ ዋጋ ወደ አሜሪካ ከሚደወለው ብዙ እጥፍ የሚሆነው መንገዱ ስለረዘመ አይደለም። ጥሪው አገር ሲገባ ተቀባዩ ኩባንያ የመግቢያ ክፍያ ያስከፍላል፤ ለብዙ ዘመን ይህን ክፍያ የሚጠይቀው ያለ ተወዳዳሪ የቆየ አንድ ድርጅት ነበር።

አውሮፓውያን በሮሚንግ ዋጋ ተማርረው ሕግ አወጡ። በ2007 የአውሮፓ ኅብረት ለአንድ ደቂቃ ጥሪ ከ49 የዩሮ ሳንቲም፣ ለመቀበል ደግሞ ከ24 ሳንቲም በላይ ከቀረጥ በፊት እንዳይጠየቅ ጣሪያ አበጀ፤ በየጊዜውም እያወረደው መጥቶ ሰኔ 15 ቀን 2017 በኅብረቱ አገሮች መካከል ተጨማሪውን ክፍያ አስቀረው። ይህን የሰሙ አንዳንድ ሰዎች «በፍራንክፈርት በኩል ስሄድ ስልኬ ነፃ ነው» ሲሉ ሰምተናል። ስሕተት ነው። ሕጉ የሚጠብቀው የኅብረቱን አገሮች ሲም የያዘውን ሰው ነው። የእስራኤል ሲም ይዞ ፍራንክፈርት ላይ አውሮፕላን የሚለውጥ ሰው፣ ለሁለት ሰዓት ቢሆንም፣ ከኩባንያው ጋር በተዋዋለው ዋጋ ይከፍላል።

በዚህ አገር ዋጋው የወደቀው በሌላ መንገድ ነው። ከ2007 መጨረሻ ጀምሮ ሰው ቁጥሩን ይዞ ከኩባንያ ወደ ኩባንያ መሄድ ተፈቀደለት። ቀጥሎ ሞሼ ካሕሎን የመገናኛ ሚኒስትር በነበሩበት ጊዜ ውል የሚያፈርስ ደንበኛ ይከፍለው የነበረው መቀጫ እንዲቀር ተደረገ፤ በ2012 ግንቦት ወር ጎላን ቴሌኮምና ሆት ሞባይል ገበያ ገቡ። ጎላን 99 ሸቀል የሚከፈልበት፣ የአገር ውስጥ ጥሪው ያልተገደበ ጥቅል ሲያቀርብ ሌሎቹም ተከተሉ። ከዚያ በፊት በወር ብዙ መቶ ሸቀል ይከፍል የነበረ ቤተሰብ ትንፋሽ አገኘ። ወደ ውጭ አገር የመደወያ ደቂቃዎችም በብዙ ጥቅሎች ውስጥ ተጨመሩ። እዚህ ላይ ግን አዲስ ገቢ ቤተሰቦችን አጥብቀን የምናሳስባቸው ነገር አለ፦ ሻጩ «ወደ ውጭ አገር ነፃ ነው» ሲል የአገሮቹን ስም ዝርዝር አስነብቡት። ብዙ ጊዜ ፈረንሳይ አለች፣ ካናዳ አለች፤ ኢትዮጵያ መኖሯን ሳያረጋግጡ መፈረም ገንዘብ ያስከፍላል። ደግሞም ከእስራኤል ወደ ውጭ መደወልና ውጭ ሆኖ መደወል ሁለት የተለያዩ ጥቅሎች ናቸው። የአንዱ ለሌላው አይሠራም። ከኡልፓን ገና ያልወጣ ሰው በዕብራይስጥ የተጻፈ ስምንት ገጽ ውል ፈርሞ ሲሄድ ማየት ያሳዝነናል፤ ልጆቻችሁን ወይም የማኅበሩን ሰው ይዛችሁ ሂዱ።

ዛሬ ብዙ ሰው የሚነጋገረው በዋትሳፕ፣ በኢሞ ወይም በቴሌግራም ነው። ኢንተርኔቱ ካለ ወጪው ከድሮው ጋር አይወዳደርም። በሆቴል ዋይፋይ የሚነጋገር ሰው ለሮሚንግ አንድ አጎራ አይከፍልም፤ የዳታ ሮሚንግ የሚለውን መዝጋቱን ግን ማረጋገጥ አለበት፤ አለዚያ ስልኩ በኪስ ውስጥ እንዳለ ፎቶግራፍ እያወረደ ሒሳብ ያስቆጥራል። ሆኖም በኢንተርኔት ብቻ መተማመን ምን እንደሚያመጣ በ2023 ነሐሴ ወር አይተናል። በአማራ ክልል ውጊያ ተነሥቶ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለብዙ ወራትም አልተመለሰም። የእስራኤል መንግሥት ከጎንደርና ከባሕር ዳር ከ200 በላይ ሰዎችን ያወጣው በዚያው ወር ነው። በየቤታችን እናት በዋትሳፕ አንዲት ሰረዝ ብቻ እያየች፣ መልእክቷ ሳይደርስ ሌሊቱን የቀረችበት ጊዜ ነበር። ያን ጊዜ ዘመዶቻቸውን ያገኙት የኢትዮጵያ ቁጥር በወረቀት ጽፈው የያዙና በተራ ጥሪ የደወሉ ናቸው። ስለዚህ ማንም ሰው ሲጓዝ አንድ ተራ የድምፅ መንገድ ይኑረው እንላለን፤ ውድ ቢሆንም።

ታዲያ ወደ ኢትዮጵያ የሚሄድ ሰው ምን ይምረጥ? የእኛ አስተያየት በቆይታው ርዝመት ይወሰናል። ለሦስት ወይም ለአራት ቀን የሚሄድ ሰው ከኩባንያው ሐቢላት ኹል የሚባለውን የውጭ አገር ጥቅል ከመነሣቱ በፊት ቢገዛ ይሻለዋል፤ ኢትዮጵያ በዝርዝሩ ካለች ማለት ነው። ለሳምንታት የሚቆይ ሰው ግን የኢትዮጵያ ሲም ቢያወጣ ያተርፋል። ቦሌ ሲደርስ ፓስፖርቱን አሳይቶ ማውጣት ይችላል፤ ስልኩ ለሌላ ኩባንያ ሲም ክፍት መሆን አለበት። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ካርድ የሌለው፣ በስልኩ ውስጥ የሚጫን ኢሲም መጥቷል፤ ለወጣቶች ቀላል ነው፣ ብዙ ጊዜ ግን ኢንተርኔት እንጂ የድምፅ ቁጥር አይሰጥም፤ ከላይ ስለ 2023 የተናገርነውን አስቡ። የእስራኤሉ ሲምም አይጣል። ባንክ የማረጋገጫ ቁጥር በጽሑፍ መልእክት የሚልከው ወደዚያ ነውና። መልእክት መቀበል በብዙ ኩባንያዎች ዘንድ ክፍያ የለውም፤ ቢሆንም የእናንተን ኩባንያ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የአደዋወሉ ነገር ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት ስለሆነ አንድ ጊዜ እንናገረው። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ሲደወል የመደመር ምልክት፣ ቀጥሎ 972፣ ከዚያ ቁጥሩ መጀመሪያ ላይ ያለው ዜሮ ተጥሎ ይጻፋል። 052 የነበረው 52 ይሆናል። ከዚህ ወደዚያም እንዲሁ ነው፤ 251 ተብሎ 09 የነበረው 9 ብቻ ይሆናል። በስልካችሁ ያለውን ስም ሁሉ በዚህ ዓይነት ብትጽፉት የትም አገር ብትሆኑ ይሠራል።

የአዛውንቱ አባታችን ጉዳይ እንዲህ አለቀ። ደብዳቤ ጽፈንላቸው፣ ከሁለት ወር ምልልስ በኋላ ኩባንያው ከሂሳቡ ከፊሉን ሠረዘላቸው፤ የቀረውን በስድስት ወር ከፈሉ። ለወንድማቸው ተዝካር እንደገና ሲሄዱ የልጃቸውን አሮጌ ስልክ ይዘው ሄዱና ቦሌ ላይ የኢትዮጵያ ሲም አወጡ። ከልጆቻቸውም ጋር ዓርብ ዓርብ ሰንበት ሳይገባ፣ ከሆቴሉ ዋይፋይ እርሳቸው ሊደውሉ፣ አስቸኳይ ነገር ከተፈጠረ ብቻ ልጆቹ በኢትዮጵያው ቁጥር ሊደውሉ ተስማሙ። ሲመለሱ ካርዱን ለወንድማቸው ልጅ ሊተዉለት አስበው ነበር። ነገር ግን በፓስፖርታቸው በስማቸው የተመዘገበ ስለሆነ፣ ሌላ ሰው ባደረገበት ነገር እንዳይጠየቁ ብለው፣ በማጣበቂያ ወረቀት ከፓስፖርታቸው ሽፋን ውስጥ ለጥፈው ይዘውት መጥተዋል። ለልጁ በስሙ ሌላ አውጥተውለታል።